መቶ አሥራ ስምንተኛው መስታወት

«አርባ!» አለች ቶሎቶሎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጥራ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አርባ ናቸው። አጠገቧ ባለው ትሪ ላይ ተጠርገው የተደረደሩት መስታወቶች ግን አርባ አንድ። ጓንት ባጠለቀ ጣቷ አንድ በአንድ እየነካች እንደገና ጀመረች። ያው አርባ አንድ። መስታወት እንደሁ አይወልድ ነገር!

ቶሎቶሎ ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። ስትበላ ቶሎ ቶሎ፣ ስታወራ ቶሎ ቶሎ፣ ፈተና ላይ እንኳ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን የምታከብብ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን አክስቷ «እቤት ተጎልተሽ ስልክ ስትጎረጉሪ ከምትውይ» ብላ ወደምትሠራበት የሥነ ፈለክ ማዕከል ይዛት መጣች። የማዕከሉ ኃላፊ «ልጅ ምን ይሠራል እዚህ?» ብሎ ተነጫንጮ ነበር። አክስቷ ናት «በእኔ ይሁን» ብላ ያስገባቻት።

የሚሠሩት ምድር ቤት ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ ካሜራ ሁሉ ዲጂታል ከመሆኑ በፊት፣ ከዋክብት ፎቶ የሚነሱት መስታወት ላይ ነበር። የደብተር ገጽ የሚያክል መስታወት ነው፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ፣ ከዋክብቱ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። በጀርባው በኩል ደግሞ የከዋክብቱን ቦታ የሚለኩት የዚያን ጊዜ ለኪዎች በሐምራዊ ቀለም ቀስት አስምረውበታል፣ ክብ አድርገውበታል፣ ቁጥርና የልኬት ማስታወሻ ጽፈውበታል። አሁን ማዕከሉ ሁሉንም በስካነር ወደ ኮምፒውተር እያስገባ ነው። ቀለሙ ከዋክብቱን ስለሚሸፍን መጠረግ አለበት። ግን (ይችን «ግን» ስትል አክስቷ ጣቷን ታቆማለች) መጀመሪያ ከነጽሑፉ ፎቶ ይነሳል። አልኮልና ጥጥ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፎቶ፣ ጥጥ፣ ስካነር» ብላታለች አክስቷ የመጀመሪያ ቀን። «ይኼን ያዛባ ሰው ከዚህ ክፍል ይወጣል። እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ ገባሽ?»

ገብቷታል። ገብቷት ነበር። ቶሎቶሎ የፎቶዎቹን ቁጥር ከመስታወቶቹ ቁጥር ጋር እያስተያየች ወረደች። መቶ አሥራ አምስት አለ፣ አሥራ ስድስት አለ፣ አሥራ ሰባት አለ። መቶ አሥራ ስምንት የለም።

ክው አለች።

ትናንት ከሰዓት ነው። የአክስቷ ልጅ ከበሩ ላይ ሆኖ «ኳሱ ሊጀመር ነው፣ ነይ እንጂ!» እያለ ይጠራታል። እሷ እጇ እየሠራ፣ ጆሮዋ ኳሱ ጋ ነበር። ፎቶ ካልተነሱት መስታወቶች ትሪ ላይ አንዱን መስታወት አነሳችና ቀጥታ ጥጥ አሳረፈችበት። ጥጡን አንዴ ካሳለፈች በኋላ ነው ጽሑፉ ዓይኗ ውስጥ የገባው። እንደሌሎቹ ቁጥርና የልኬት ማስታወሻ ብቻ አልነበረም። በእጅ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ነበሩ። «ዛሬ ደረስኩብሽ» ብሎ ይጀምራል። የቀረው ሐምራዊ ውሃ ሆኗል። ‘ምን ይሆን?’ አለች በሆዷ። ‘ፎቶው አለ አይደል፣ በኋላ አየዋለሁ’ ብላ ጥርግርግ አድርጋ ጨረሰችው። ፎቶው ግን የለም። በዓለም ላይ የትም የለም።

ሌላ መስታወት ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት፣ ምናልባት ማንም ላያስታውሰው ይችል ነበር። ይኼኛው ግን የእትዬ ነጥብ ነው። እትዬ ነጥብ ደግሞ ነገ ይመጣሉ።

እትዬ ነጥብ ጡረታ የወጡ የማዕከሉ ለኪ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክለው የአንዲት ኮከብ ነጥብ ሲለኩ ስለኖሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ኮከቧ በመጽሐፍ የባርናርድ ኮከብ ትባላለች፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን «ሯጯ» ነው የሚሏት። ባለፈው ሳምንት እትዬ ነጥብ ለአክስቷ ደውለው፣ ቶሎቶሎም ከጎን ሆና ሰምታ ነበር፤ «አንዱ መስታወት ላይ ለሯጯ የሆነ ነገር ጽፌላት ነበር። ደንብ አይፈቅድም፣ አለቃዬ ተቆጥቶኛል። ምን እንዳልኳት ግን ረሳሁት። ስትጠርጉት ፎቶውን አስቀምጡልኝ፤ መጥቼ ላንብበው» አሉ።

ይኼ ብቻ መሰላችሁ? ክፍሉ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ማሽን አለ፤ «ጥቅሻ» ይሉታል። ባንድ ዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት መስታወቶች ጎን ለጎን ይገቡበታል። በአንዲት ቀዳዳ እያዩ እጀታውን ሲጫኑት አንዴ አንደኛው፣ አንዴ ሌላኛው ይታያል። ሺህ ኮከብ ቢኖር ሺሁም ባለበት ይቆማል፤ ቦታ የለወጠችው ብቻ ወዲያና ወዲህ ትዘላለች። ማሽኑን ማስተካከል የሚችሉት እትዬ ነጥብ ብቻ ናቸው። «ሲመጡ ሯጯን ያሳዩሻል» ብላ አክስቷ ቃል ከገባችላት ወዲህ፣ ቶሎቶሎ ሐሙስን በጣቷ እየቆጠረች ነው የጠበቀችው።

«ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አላት የአክስቷ ልጅ፣ ስካነሩ ላይ እንደተቀመጠ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤት ቢቃጠል «ቀዝቀዝ በሉ» የሚል ዓይነት ልጅ ስለሆነ ስሙ ቀዝቀዝ ሆኖ ቀርቷል።

ነገረችው።

«ኧረ አታካብጂ!» አለ። «መስታወቱ አለ፤ ኮከቧም አለች። የጠፋው ቀለም ነው።»

«ሊያነቡት ነው እኮ የሚመጡት!»

«ሴትዮዋ ምን እንደጻፉ ረስተውታል። ዓይናቸውም ደክሟል። ያ መሳቢያ ውስጥ ሐምራዊው ቀለም ከነብዕሩ አለ። የእጅ ጽሑፋቸው ደግሞ የመቶ አሥራ ሰባት ፎቶ ላይ አለልሽ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አሪፍ ፎርጅድ ሥሪና ተገላገይ። ማንም አይጎዳ፣ ማንም አይባረር። እማዬም ሥራዋ ላይ ትቆያለች።»

የመጨረሻዋ ቃል ናት የያዘቻት። አክስቷ በእሷ የተነሳ ኃላፊው ፊት አንገቷን ደፍታ ስትቆም ታያት።

በተሰበረ መስታወት ላይ ተለማመደች። እትዬ ነጥብ «ረ»ን ሲጽፉ እግሯን ትንሽ ያስረዝማሉ፤ «ሽ»ን ደግሞ ጠጋ አድርገው ያቆሟታል። አሥር ጊዜ ያህል ከሞከረች በኋላ እጇ ለመደው። ጥሩ አድርጎ መልመዱ ራሱ አስደነገጣት። ከዚያ መቶ አሥራ ስምንትን አምጥታ «ዛሬ ደረስኩብሽ» ብላ ጻፈች። ሁለተኛውን መስመር ያላነበበችውን ከየት ታምጣው? ብዕሩን ይዛ ቆየችና «ሯጯ» ብላ ጨመረችበት። ፎቶ አነሳችው። ቀጥሎ በጥጥ ጠረገችው። በዚህኛው ጊዜ ተራውን ጠብቃለች፣ መቼም። ኮምፒውተሩ አርባ አንድ አለ።

ማታ እራቷን ቀስ ብላ ነው የበላችው። አክስቷ ግንባሯን ነክታ «አሞሻል እንዴ?» አለቻት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ነጥብ መጡ። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው፤ የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ዛሬም የማጉያ መነጽር አለ። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን አሸተቱት።

«አልኮል፣ አልኮል ይሸታል። አይ እናንተ፣ ዕድሜዬን ጠርጋችሁ ልትጨርሱት!» ብለው ሳቁ። አክስቷን ጉንጭ ለጉንጭ ሳሟት። «ክፍሉ ነው የጠበበው ወይስ እኔ ነኝ የወፈርኩት? ይችስ የማን ናት?»

«የወንድሜ ልጅ ናት፤ እየረዳችን ነው። የፎቶውን ሥራ እሷ ነች የያዘችው» አለች አክስቷ፣ ደስ ብሏት።

«ተባረኪ የኔ ልጅ። ጠንቀቅ ብሎ ለሚሠራ ሰው ነው ይኼ ሥራ።»

ቶሎቶሎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ቀዝቀዝ ወንበር አቀረበላቸው። መቶ አሥራ ሰባት ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። እትዬ ነጥብ ወደፊት ጠጋ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀለሙ ይታየኛል። ፊደሉ ግን ጭጋግ ነው። የሥራዬ የመጀመሪያው መስታወት ነው አይደል? ቀጣዩን አምጡልኝ እስቲ፤ ካንድ ዓመት በኋላ የተነሳውን። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ለክቼ መንቀሳቀሷን ያየሁት። አንብቢልኝ ልጄ።»

መቶ አሥራ ስምንት ወጣ። ቶሎቶሎ የገዛ ጽሑፏን አነበበች። «ዛሬ ደረስኩብሽ ሯጯ።»

«እሺ?»

«ይኼው ነው፣ እትዬ።»

የሴትዮዋ እጅ የማጉያ መነጽሩን ኪሳቸው ውስጥ ያገላብጠዋል።

«ይኼው ነው?» አሉ። «እኔ ሁለት መስመር ይመስለኝ ነበር። ረዘም ያለ ነገር። ቃሉ ቢጠፋብኝ እንኳ ሁለት መስመር መሆኑን እምል ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ልጆቼ ልክ ናቸው ማለት ነው። ‘እማዬ እየረሳሽ ነው፣ ብቻሽን መኖር ይቅርብሽ’ ይሉኛል። እኔ ደግሞ አይ፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው እያልኩ ስከራከራቸው። ይኸው፤ መስታወት አይዋሽም።»

ቀዝቀዝ ዓይኑን ወደ ስካነሩ መለሰ።

ቶሎቶሎ ትናንት ‘ማንም አይጎዳም’ ብላ አምና ነበር።

አክስቷ ነገሩን ለማቅለል ጨርቁን ከጥቅሻው ላይ ገፈፈች። እትዬ ነጥብ ማሽኑን ሲያዩ ሌላ ሰው ሆኑ። ሁለቱን መስታወቶች በጣታቸው ጠርዝ ይዘው አስገቧቸው፤ ዓይናቸው ሳይሆን እጃቸው ነበር የሚያየው። ብሎኑን አላሉ፣ አጠበቁ፣ እየሠሩም ያወራሉ።

«ቀይ ድንክ ይሏታል። ስድብ አይመስልም? ወርዷ ከፀሐይ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስድስት የብርሃን ዓመት ነው የምትርቀን፤ በኮከብ ሒሳብ ጎረቤት ናት። ጎረቤት ሆና ግን በባዶ ዓይን አትታይም፣ በጣም ደብዛዛ ናት። ሩጫዋ ነው ጉዱ! ሰማይ ላይ እንደሷ ፈጥኖ ቦታ የሚለውጥ ኮከብ የለም። የጨረቃን ወርድ ያህል ለመሄድ መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቢበቃት ነው።»

«መቶ ሰማንያ ዓመት?» አለ ቀዝቀዝ። «ይኼም ሩጫ ሆኖ!»

«ሌሎቹ የቆሙ ስለሚመስሉ ነዋ! አንተ ስካነር ላይ ተቀምጠህ ትፈርዳለህ።» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ ዓመት ደግሞ ከመንገዷ ወጣ ብላ አገኘኋት። የፀጉር ውፍረት አይሞላም፤ ግን ወጥታለች። የሆነ ነገር እየጎተታት ነው አልኩ፤ ፕላኔት! ሦስት ወር ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም። ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያለሁ። ከዚያ በዙሪያዋ ያሉትን ከዋክብት ለካሁ። እነሱም ወጥተዋል። ኮከብ ሁሉ ተስማምቶ ባንዴ ይንቀሳቀሳል? የቴሌስኮፑን መዝገብ ገለጥኩ። ሌንስ ጠባቂው ጽፎታል። ‘ዛሬ ሌንሱን ለማጽዳት አውጥቼ ስመልሰው ትንሽ የዞረ ይመስለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው’ ይላል። ከነፊርማው። ፕላኔቴ ያቺ የዞረች ሌንስ ነበረች።»

«ተናደዱበት?» አለች ቶሎቶሎ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እንዴታ! አንድ ሳምንት አላናገርኩትም። በኋላ ግን ራሴ ሄጄ ምሳ ጋበዝኩት። ባይጽፈው ኖሮ የሌለ ነገር ስለካ ጡረታ እወጣ ነበር እኮ።» ብሎኑን የመጨረሻ ጊዜ አጠበቁ። «አሁን በሌላ ዘዴ፣ ብርሃኗን በትነው እያጠኑ፣ የእውነት ፕላኔቶች እንዳሏት ደርሰውበታል። ትንንሾች ናቸው። በቃ፣ ተስተካክሏል። ነይ ልጄ፣ ዓይንሽን እዚህ አድርጊና እጀታውን ተጫኚው።»

ቶሎቶሎ ተነሳች። የማሽኑ ቀዳዳ አንድ እርምጃ ላይ ነው። ጎንበስ ብትል ሯጯን ታያለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ይኼን ነው። ጎንበስ ብትል ነገሩ ሁሉ አለቀ፣ ተዘጋ፤ እትዬ ነጥብም እየረሳሁ ነው እያሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«ሁለት መስመር ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«መስታወቱ ላይ ሁለት መስመር ነበር፣ እትዬ። አልተሳሳቱም። ፎቶ ሳላነሳው ጠረግኩት። አሁን ያነበብኩልዎት የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ይኼን ሁሉ የተናገረችው እንደ ወትሮዋ ባንድ ትንፋሽ ነው፤ ሲያልቅ እንባዋ መጣ።

አክስቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ምንድነው የምትዪው? ምን አድርገሻል አንቺ?»

«ሐሳቡ የእኔ ነው» አለ ቀዝቀዝ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ፎርጅድ ሥሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንተን ደግሞ እቤት እንገናኛለን!»

እትዬ ነጥብ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ሁለት ነበር? በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። የመጀመሪያው ‘ዛሬ ደረስኩብሽ’ ነው የሚለው፤ ያ እውነት ነው፣ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛው ረዘም ይላል። እሱን ሳላነበው…»

«ሁለት ነበር!» አሉ ሴትዮዋ፤ ወደ አክስቷ ዞረው ጭናቸውን መቱ። «ሰማሽልኝ? እኔ እኮ አሁን ለልጄ ደውዬ እሺ መጥቼ ካንተ ጋር እኖራለሁ ልለው ነበር! ጭንቅላቴ ደህና ነው። እሰይ!» ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ተዋቸውና፣ መነጽሩን ከኪሳቸው አውጥተው በከንቱ በሹራባቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር።

«ምን ብያት ይሆን?» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ያኔ ነው ቶሎቶሎ ምን እንዳጠፋች በትክክል የገባት። ከክፍል መባረሩን፣ ኃላፊው የሚለውን፣ ሁሉንም ረሳችው። አንዲት ልጅ እግር ሴት የዛሬ ስንት ዓመት ደስ ብሏት የጻፈችው ነገር ነበር፤ በአንድ ጥጥ ጠፋ፤ በምንም አይመለስም።

«ኃላፊው ዛሬውኑ መስማት አለበት» አለች አክስቷ። ድምፅዋ ቁጣ ብቻ አልነበረም፣ ደክሟታል። «ምን እንደሚል አላውቅም። ለአንቺም፣ ለእኔም። አሁን ውጪ ሆነሽ ጠብቂ።»

«እወጣለሁ» አለች ቶሎቶሎ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «መጀመሪያ መዝገቡን ስጪኝ።»

አክስቷ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን መዝገብ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

ቶሎቶሎ ተቀመጠች። የመስታወት ቁጥር፣ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራተኛ ስም። ከመጣች ጀምሮ የስሙ ቦታ ላይ አክስቷ የምትጽፍላት «ረዳት» ብቻ ነበር። ብዕሩን አነሳች። እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እያቆመች ጻፈች።

«ቁጥር 118። ፎቶ ሳይነሳ ተጠርጓል። ኮምፒውተር ላይ ያለው ጽሑፍ የለኪዋ አይደለም፤ እኔ የጻፍኩት ነው። ከዋናው የተነበበው ‘ዛሬ ደረስኩብሽ’ የሚለው ብቻ ነው። ሁለተኛ መስመር ነበረው፤ አልተነበበም።»

የስሙ ቦታ ላይ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ አሰፈረች። ቦታው ጠበባትና የአያቷ ስም ወደ ኅዳጉ ወጣ።

«ስትጨርሺ እዚህ ነኝ» አሉ እትዬ ነጥብ። ጥቅሻው አጠገብ እንደተቀመጡ ናቸው፤ እጃቸው እጀታው ላይ ነው።

«ጨረስሽ?» አለች አክስቷ፣ በሩን ይዛ።

«ቆይ» አለች ቶሎቶሎ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። እስኪደርቅ ድረስ መዝገቡን አልዘጋችውም።